ጥቁሩ ጨርቅና የኮምቦልቻ ፀሐይ

ሮቦታችን ቢጫ ነበር። አካሉን የቆረጥነው ከዘይት ጀሪካን ስለሆነ ነው። ጀሪካኑን እማዬ ለውሃ ብላ አስቀምጣው ነበር። ጓሮ ቁጭ ብዬ በጋለ ቢላ ስቆርጠው ደረሰችብኝ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሮቦት።"

ትንሽ ቆማ አየችኝ። "በይ ክዳኑን እንኳ አትጣይው" ብላ ገባች። ያ ክዳን ዛሬም ሌላ ጀሪካን ላይ አለ።

አራተኛ ነው የወጣነው፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከዚያ ውድድር የቀረችኝ አንዲት መዳፍ የምታህል ጥቁር ጨርቅ ናት። ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የእሷን ነገር ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ያኔ 11ኛ ክፍል ነበርን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ። ቤታችን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የፊዚክስ መምህራችን አንድ ጠዋት ክፍል ገብቶ ኮምቦልቻ ላይ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር እንዳለ ነገረን። ሕጉ አጭር ነው። ነጭ መሬት ላይ ጥቁር መስመር ይለጠፋል። ሮቦቱ መስመሩን ራሱ እያየ ዙሩን ይጨርሳል። ከተለቀቀ በኋላ እጅ አይነካውም፣ ሪሞት የሚባል ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሙከራ ይሰጣል፤ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል።

የአክስቴ ልጅ ኮድ ይወዳል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዕቃ መፍታት ነው የምወደው። ካቻቢቴ እጄ ከገባ የግድግዳ ሰዓትም አይተርፍም። ስለዚህ ብዙ ሳንነጋገር ሥራው ተከፈለ። እሱ ጭንቅላቱን፣ እኔ አካሉን።

አርዱይኖውን አጎታችን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልን። ለማታውቁት፣ አርዱይኖ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሰሌዳ ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ነው የተጀመረችው፤ ኤሌክትሮኒክስ በደንብ ያልተማረ ተማሪ እንኳ እንዲሠራባት ታስቦ። ኮዱን ከላፕቶፕ በኬብል ትጭኑባታላችሁ። ኬብሉ ቢነቀል፣ መብራት ቢሄድ፣ የጫናችሁባትን አትረሳም። ከእሷ ጋር ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ከነጎማቸው፣ ሞተሮቹን የሚነዳ ኤል298ኤን የሚባል ሰሌዳና አምስት የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች መጡ። ባትሪ ግን አልነበረም።

ባትሪውን እዚያው ደሴ፣ አራዳ ነው ያገኘነው። እዚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል።

"ጋሼ፣ የማይሠራ የላፕቶፕ ባትሪ ይኖርዎታል?" አልኳቸው።

"ለምንሽ ነው?"

"ሮቦት ልንሠራ ነው።"

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሁለታችንንም አዩን። "አብሽሪ፣ እሱ አይጠፋም" አሉና ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ባትሪ አወጡ።

ቀጥሎ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። የፕላስቲኩን ስፌት በፒንሳ ቀስ እያሉ ከፈቱት። ውስጡ ስድስት ድንጋይ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ከአውራ ጣት ትንሽ ወፈር፣ ትንሽ ረዘም ይላል። ቴስተራቸውን አምጥተው አንድ በአንድ ለኩ። ሦስቱ ከ1 ቮልት በታች ሆኑ። ወዲያው ለብቻ ገለል አደረጓቸው። "እነዚህን ቻርጅ አደርጋለሁ ብትዪ ቤት ነው የምታቃጥዪው" አሉኝ። ሊቲየም ባትሪ እንዲያ ወርዶ ከቆየ ውስጡ ይጎዳል፤ መልሳችሁ ስትሞሉት ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። እባካችሁ ይህን የምታነቡ ልጆች እንዳትሞክሩት።

የቀሩት ሦስቱ 3.7 ቮልት አሳዩ። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ እንጂ" አሉኝ። ትንሽ የመኪና አምፖል ከመሳቢያ አወጡና ከድንጋዮቹ ጋር በየተራ አገናኙት። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ እየበራ እንደገና ለኩ። ሁለቱ 3.6 ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ዓይናችን እያየ 3.2፣ 3.0፣ 2.8 እያለ ወረደ።

"አየሽ፣ ባትሪ ተኝቶ ሲለካና ሸክም ይዞ ሲለካ አንድ አይደለም። ተኝቶማ ሁሉም ጎበዝ ነው።"

ገንዘብ አልተቀበሉንም። "ስትጨርሱ አምጥታችሁ አሳዩኝ" ብቻ አሉን።

ሁለቱ ድንጋዮች አንዱ ከሌላው ኋላ ተያይዘው 7.4 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ኤል298ኤን ከዚያ ላይ 2 ቮልት ያህል ለራሱ ይበላል። ለሞተሮቹ 5 ቮልት ከምናምን ይተርፋል፤ የእኛ ሞተሮች ደግሞ ከ3 እስከ 6 ቮልት ነው የሚፈልጉት። ልክክ አለልን። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሞተሮቹ ሊነሱ ሲሉ አርዱይኖዋ ጠፍታ እንደገና ትነሳለች። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ያን ጊዜ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል። ጋሼ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀሉትን አንድ ወፍራም ካፓሲተር፣ ኮረንቲ አጠራቅሞ ለቅጽበት የሚሰጥ ዕቃ፣ ሰጡን፣ በባትሪው ጫፎች መካከል በየድነው፣ አበቃ።

መለማመጃ ሜዳችን የባነር ጀርባ ነበር። ማተሚያ ቤት የተበላሸባቸውን አንድ ትልቅ የምርቃት ባነር ሰጡን። ፊቱ ፎቶ ነው፣ ጀርባው ነጭ። እሱ ላይ ጥቁር ናስትሮ እየለጠፍን መንገድ ሠራን። የሚነጠፈው ሳሎን ነው። ሳሎናችን ደግሞ ቀን ቀን የሰው ነው። እማዬ ቡና ታፈላለች፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አቦል ቶና በረካ ሳይባል ማንም አይነሳም። ስለዚህ የእኛ ተራ የሚደርሰው ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሶፋውን እንገፋለን፣ ባነሩን እንዘረጋለን፣ እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራለን። ወሩ በልግ የሚዘንብበት ነበር። ደሴን የምታውቁ ጉሙን ታውቁታላችሁ። በመስኮት ስትመለከቱ የጎረቤት መብራት እንኳ አይታይም፣ የጦሳ ተራራማ ከነጭራሹ የለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሮቦታችን ያየው ብርሃን የሳሎናችንን አንድ አምፖል ብቻ ነው። ያኔ ይህ ምንም አልመሰለንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሩ ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ መሬት ይልካል። ነጭ መሬት መልሶ ያንጸባርቀዋል፣ ጥቁር ናስትሮ ይውጠዋል። የሚመለሰውን መጠን አርዱይኖዋ ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ታነበዋለች። በእኛ አገጣጠም ብዙ ብርሃን ሲመለስ ቁጥሩ ያንሳል፤ ነጩ ላይ 70 አካባቢ፣ ጥቁሩ ላይ 780 አካባቢ ይመጣ ነበር። 400ን ድንበር አደረግነው። ከ400 በላይ ከሆነ መስመር ነው፣ በታች ከሆነ መሬት። አምስቱም መሬት ካሉ መስመሩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሮቦቱ መስመሩን በመጨረሻ ወዳየበት ጎን ይዞራል።

የመጀመሪያው ኮድ መስመሩን ይከተል ነበር፣ ግን እየተወዛወዘ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል። ፍጥነቱን ስንጨምር ከመስመሩ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ሳምንት ሙሉ ቁጥር ሲቀያይር ከረመ። መፍትሔው የመጣለት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው።

እሑድ ቀን ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ ልንሄድ አባዱላ ተሳፈርን። እሱ ጋቢና ተቀመጠ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት መኪናው በሐረጎ ኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። ልጁ መንገዱን ትቶ የሾፌሩን እጅ ነበር የሚያየው። ኮምቦልቻ ወርደን ገና ሻንጣችንን ሳናነሳ "ገባኝ" አለኝ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ኩርባው ያዞራል። መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ግን ኩርባውን ጨርሶ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ቀድሞ መሪውን መመለስ ይጀምራል። ምን ያህል እንደራቀ ያያል፣ በምን ፍጥነት እየተጠጋ እንደሆነም ያያል። የእኛ ሮቦት ርቀቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ማታውኑ አንድ መስመር ኮድ ጨመረ። ስህተት የምንለው ሮቦቱ ከመስመሩ የራቀበትን ነው። ከአሁኑ ስህተት ላይ ያለፈውን ስህተት ቀንሶ በሌላ ቁጥር ማብዛት፣ ያንን ከሞተሮቹ ፍጥነት ጋር መደመር። ሰዎች ፒዲ የሚሉት ቁጥጥር ይኸው ነው፤ እኛ ግን ሐረጎ ብለን ጠራነው። በሦስተኛው ሙከራ ሮቦቱ ቀጥ ያለውን መንገድ እንደ ክር ሳበው። እኩለ ሌሊት ላይ ጮኸን እማዬን ቀሰቀስናት።

ጨርቋ የመጣችው በዚያው እሑድ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሰፈራችን ብዙ ልጆች እዚያ ገብተዋል። የውጭ ብርሃን ሴንሰሩን እንደሚረብሽ አንብበን ስለነበር በሴንሰሮቹ ዙሪያ መጋረጃ ነገር ልናደርግለት አሰብን። ለእህቴ ስነግራት ቁርጥራጭ ጥቁር ጨርቅ ሰጠችኝ። ቀጭን ናት፣ ግን ድቅድቅ ያለች ጥቁር። ቀሚስ አድርጌ ከፊት ለፊቱ ሰፋሁለት። ያማረበት መስሎኝ ነበር፣ እውነትም ያምርበት ነበር።

ውድድሩ ግንቦት ላይ ዋለ። ከደሴ በጉም ተነስተን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን በወገባችን አሰርን። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ የምሥራቁ ግድግዳ መስኮት በመስኮት ነው። መንገዱ መሐል ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የወልዲያ፣ የሐይቅ፣ የኮምቦልቻ ልጆች ሮቦቶቻቸውን ይዘው በየጥጉ ተጎንብሰዋል። አንዳንዱ ሮቦት ከሱቅ እንደመጣ የሚያበራ ነው። የእኛ ቢጫ ጀሪካን መሐላቸው ሲቀመጥ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞላ። እጃችን የሠራው ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠራን። የአክስቴ ልጅ ማብሪያውን ተጫነ። ሮቦቱ ሄደ። የመጀመሪያውን ኩርባ ወሰደው፣ ሁለተኛውን ወሰደው፣ ቀጥ ያለውን ላይ ፍጥነት ጨመረ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከመስኮቱ የገባ የፀሐይ ብርሃን በወለሉ ላይ እንደ ሰሌን ተዘርግቷል። ሮቦቱ እዚያ እንደገባ ባለበት መሽከርከር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ዳኛው ሰዓቱን አይተው እጃቸውን አነሱ። አለቀ።

አልቅሻለሁ። ከአዳራሹ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ነው ያለቀስኩት። የአክስቴ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመና "ነይ እንለካው" ብቻ አለኝ።

አንዱ ዳኛ ጥግ ላይ ካለው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ እንድንሞክር ፈቀዱልን። ላፕቶፑን ሰካን፣ ቁጥሮቹን ከፈትን። ጥላ ውስጥ ናስትሮ ላይ ስናስቀምጠው 770። ብርሃኑ ውስጥ ያንኑ ናስትሮ ላይ ስናስቀምጠው 150። ሮቦቱ ጥቁሩን ነጭ ነው ብሎ እያነበበ ነው። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ብዙ ኢንፍራሬድ አለው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ከመሬት የተመለሰውንና ከሰማይ የመጣውን አይለይም። ሳሎን ያለው ቆጣቢ አምፖላችን ግን ኢንፍራሬድ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ያ ሁሉ ሌሊት ለሮቦታችን ፀሐይን አላስተዋወቅነውም ነበር።

"ግን እኮ ጨርቁ አለ" አልኩ። ጨርቁ በቦታው ነው፣ ቁጥሩ ግን 150 ነው። ግራ ገባኝ። የአክስቴ ልጅ ሳያስብ ደብተሩን አንስቶ በፀሐይዋ በኩል ለሮቦቱ ከለለለት። ቁጥሩ 740 ሆነ። ደብተሩን አነሳ፣ 150። መለሰ፣ 740። ሁለታችንም ዝም ብለን ደብተሩን አየነው።

ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ አልነበረንም። ጨርቁን በምላጭ ቀደድኩት። የደብተሩን ጠንካራ ሽፋን ቆርጬ በአራቱም ጎን ቀሚስ ሠራሁ፣ ከመሬት ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ብቻ ትቼ። ናስትሮ ሲያልቅብን ከአጠገባችን የነበሩት የወልዲያ ልጆች የእነሱን ጥቅል ወረወሩልን። "አብሽሩ፣ ትደርሳላችሁ" አሉን። ተቃዋሚዎቻችን እኮ ናቸው። ከውድድሩ ቀን ሁሉ ደግሜ ደግሜ የማስበው ይህን ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው ዙር ደረሰን። ሮቦቱ በ47 ሰከንድ ጨረሰ። የፀሐይ ብርሃኑን ሲያቋርጥ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ግን ወጣ። አራተኛ ሆንን፤ ሽልማት የነበረው ለሦስት ነው። የወልዲያ ልጆች ሁለተኛ ወጡ።

አንድ ነገር ግን አላረካኝም። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው አፈግፍጎ ኩርባውን በጠርዙ ብቻ ነበር የሚነካው። ያዳነን ካርቶኑ ነው ወይስ ፀሐይዋ? ይህን ሳላውቅ ጎበዝ ነን ብዬ ለማንም መናገር አልፈለግኩም።

ደሴ ስንመለስ ማታውኑ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳሁ። ሪሞትም ኢንፍራሬድ ነው የሚልከው። በዓይን አይታይም፣ የብዙ ስልክ የፊት ካሜራ ግን ሐምራዊ አድርጎ ያሳየዋል። ሪሞቱን ወደ ስልኬ አዙሬ ስጫን ሐምራዊ ነጥብ በራች። ከዚያ የእህቴን ጥቁር ጨርቅ ሪሞቱ ላይ ጣል አደረግኩና እንደገና ተጫንኩ።

ነጥቧ እንደበራች ናት። በጨርቁ ውስጥ አልፋ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

እማዬን ጠራኋት። አየችው። ጨርቁን እጇ ላይ አድርጋ ወደ አምፖሉ አነሳችው፤ ምንም አያሳልፍም። ሪሞቱ ላይ አደረገችው፤ ያሳልፋል። "ታዲያ ይኼ ጥቁር አይደለማ!" አለች። ልክ ናት። ጨርቁ የተነከረበት ቀለም ለእኛ ዓይን ጥቁር ነው፤ ብዙ ጥቁር ጨርቆች ለኢንፍራሬድ ግን ብሩህ ናቸው። በደብተር ሽፋን ሸፍኜ ስጫን ነጥቧ ጠፋች። ያቺን ቁራጭ ያን ማታ ነው ደብተሬ ውስጥ ያስቀመጥኳት።

ቀጥሎ በፀሐያማ ቀን ባነሩን በረንዳ ላይ ዘረጋን፤ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ። ያለ ምንም ከለላ አሥር ጊዜ ለቀቅነው፤ አሥሩንም ፀሐይ ላይ ጠፋ። በጨርቁ አሥር ጊዜ፤ ሁለቴ ብቻ አለፈ። በካርቶኑ አሥር ጊዜ፤ ስምንቴ አለፈ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ካርቶኑ ነው ያዳነን።

የቀሩትን ሁለት ስህተቶች የፈታናቸው በወልዲያ ልጆች ምክር ነው። ቴሌግራም ላይ እንጻጻፍ ነበር። የእነሱ ሮቦት የራሱን ብርሃን ያጠፋና አንዴ ያነባል፤ ያ የፀሐይዋ ብቻ ነው። ያበራና እንደገና ያነባል፤ ያ የፀሐይዋና የራሱ ነው። አንዱን ከሌላው ሲቀንስ የራሱ ብቻ ይቀራል። ይህን በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ያደርገዋል። ስንሰማው የአክስቴ ልጅ ጭንቅላቱን ያዘ፣ እንዴት አላሰብነውም ብሎ። ለዚህ ግን አምስቱን ብርሃን ማጥፋትና ማብራት ያስፈልጋል። አምስቱ አንድ ላይ ወደ 100 ሚሊአምፔር ይፈልጋሉ፣ የአርዱይኖዋ አንድ እግር ከ40 በላይ አይችልም። መሐል ላይ ትራንዚስተር፣ በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ መግባት አለበት። እሱንም ጋሼ ከአሮጌ ሰሌዳ ነቀሉልን። ካርቶኑ ግን አልተነሳም። ፀሐይ በቀጥታ ከገባችበት ሴንሰሩ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የሞላ ነገር ላይ ቢቀንሱለትም ልዩነት አይታይም።

ሰኔ ላይ ቃላችንን ጠብቀን ሮቦቱን ይዘን አራዳ ሄድን። ረፋድ ነው፣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። ባነሩን ከሱቃቸው ፊት ለፊት አነጠፍነው፣ ግማሹ በሸራቸው ጥላ ሥር፣ ግማሹ ውጭ። ሊስትሮ ልጆች ተሰበሰቡ። ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ቢጫው ሮቦት ከጥላው ወደ ፀሐይ ገባ፣ ኩርባውን ዞረ፣ ወደ ጥላው ተመለሰ። ልጆቹ "ድገሙት! ድገሙት!" አሉ።

ጋሼ ግን እጃቸውን ዘርግተው ሮቦቱን አነሱት። ጎማዎቹ በአየር ላይ ይሽከረከራሉ። ሳያጠፉት ቴስተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለቱን ጫፍ ባትሪው ላይ ጫኑ፣ በሌላኛው እጃቸው አንዱን ጎማ ያዝ አድርገው አከበዱበት።

"7.1" አሉ። "ሸክም ይዞ።"

መልሰው ባነሩ ላይ አስቀመጡት፣ ልጆቹም መንገድ ለቀቁለት።